ከጓንጁ ወጣ ብሎ የቻይናን ገጠር ማየት፦ የት ልሂድ? ቲኬት የሚቆረጥበትን መንደር አልፈልግም

የመርካቶ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ለዕቃ ብዬ ጓንጁ እመላለሳለሁ። እስካሁን ያየሁት ሺያዎቤይን (የአፍሪካ ነጋዴ የሚበዛበትን የጓንጁ ሰፈር)፣ መጋዘንን፣ የጭነት ቢሮንና የሆቴል ክፍልን ነው። ቻይናን አውቃለሁ ለማለት አፌን ሞልቼ አልናገርም። በዚህኛው ዙር ፋብሪካው ዕቃዬን እስኪጨርስ ትንሽ ትርፍ ቀን አገኛለሁ። መስከረም ማለቂያ አካባቢ ነው።

እውነተኛ ገጠር ማየት አማረኝ። ሩዝ የሚታጨድበት፣ የእንጨት ቤት ያለበት፣ አሮጊቶች ደጅ ላይ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት። ኢንተርኔት ላይ የማየው ግን በር ላይ ቲኬት የሚቆረጥበት፣ የባህል ልብስ ተከራይተህ ፎቶ የምትነሳበት ቦታ ነው። ያ ይቅርብኝ። ቋንቋ «ኒሃዎ» እና ዋጋ መከራከር ብቻ ነው የምችለው። አሳማ አልበላም፣ ረቡዕና አርብ እጾማለሁ። የሚያውቅ ሰው ካለ እስቲ ይምከረኝ።


የዉሃን ተማሪ

ወንድሜ፣ ጓንጁ ድረስ መጥተህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። ከጓንጁ ደቡብ ጣቢያ ወደ ጉይያንግ የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ያዝና ጾንግጂያንግ ላይ ውረድ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መስመሩ በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ላይ ከመከፈቱ በፊት እዚያ ተራራ መሀል ለመግባት በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጩ መዋል ነበር። ከጣቢያው ደጅ ጃዎሺንግ ወደሚባለው መንደር የሚወስድ መኪና አለ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጓንጁ ከተማዋ ናት፣ ጉይጁ ደግሞ መንደሩ ያለበት ክፍለ ሀገር። ስልክ ላይ ስትፈልግ እንዳይምታታብህ።

ጃዎሺንግ የዶንግ ብሔረሰብ መንደር ነው። ዶንጎች ጠቅላላ ቁጥራቸው 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ ጉይጁ፣ ሁናንና ጓንግሺ የሚገናኙበት ተራራማ አገር ላይ ይኖራሉ። መንደሩ በአምስት ሰፈር የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ የከበሮ ማማ አለው። ማማው ከእንጨት ነው፣ ምስማር የለውም፤ እንጨቱ እርስ በርሱ ተሰካክቶ ነው የሚቆመው። ድሮ እሳት ሲነሳ ወይም ሽፍታ ሲመጣ ከበሮው ይመታ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ሸንጎ የሚቀመጡት እዚያው ሥር ነው። አሁን ሥሩ ብትገባ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ካርታ የሚጫወቱ አዛውንቶች ታገኛለህ። መሀል ላይ በብርድ ወራት እሳት የሚነድበት ቦታ አለ። አንድ ሁለቱ ያንቀላፋሉ።

አንድ ነገር ልብ በል። አምስቱም ማማዎች በባህል አብዮቱ ጊዜ ፈርሰዋል። አሁን ያሉት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንደገና የተሠሩ ናቸው። «የመቶ ዓመታት ቅርስ» የሚልህን አስጎብኚ በልኩ ስማው። ለእኔ ግን መልሰው መሥራታቸው ይበልጥ ይገርመኛል። አናጢዎቹ ልኩን በጭንቅላታቸው ይዘውት ነበር ማለት ነው።

እኔን የማረከኝ የጨርቁ ሥራ ነው። ሴቶቹ የሸመኑትን ጥጥ ኢንዲጎ ቀለም ውስጥ ደጋግመው ይነክሩታል፣ ያሰጡታል፣ መልሰው ይነክሩታል። ከዚያ አጣጥፈው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያደርጉና በከባድ የእንጨት መዶሻ ይወቅጡታል። የእንቁላል ነጭ ይቀቡትና እንደገና ይወቅጡታል። በመጨረሻ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይለወጥና ያብለጨልጫል። አመሻሽ ላይ ከየደጁ ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ ትሰማለህ። አንዷ ስትደክም ሌላዋ መዶሻውን ትቀበላለች። ቆመህ ብታይ ማንም አያባርርህም። እንደውም መዶሻውን ያቀብሉሃል፤ አስር ጊዜ ሳትመታ ትከሻህን ስትይዝ ደግሞ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ጃዎሺንግ መግቢያ ያስከፍላል፣ አልዋሽህም። ዋናው መንገድ ሱቅና ማረፊያ ሞልቶታል፣ ማታ መድረክ ላይ የዘፈን ትርዒት አለ። ስለዚህ አንድ ሌሊት እደርና በማግስቱ ወደ ታንግአን ውጣ። ተራራው ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ወጥተህ በሩዝ እርከኖቹ መሀል በእግርህ እየወረድክ ትመለሳለህ። ታንግአን በ2005 ከኖርዌይ ጋር በተደረገ ትብብር «ሥነ ምህዳራዊ ሙዚየም» ተብሏል፤ ነገር ግን ዋናው ሙዚየም የምትለው መንደሩ ራሱ ነው። ልብስ ይታጠባል፣ ዶሮ ይሮጣል፣ የምንጭ ውኃ በድንጋይ ቦይ ይወርዳል። ማንም ላንተ ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ኧረ ቀስ በሉ። እኔም «እውነተኛ መንደር» ተብዬ ጉይጁ ሄጄ ነበር። የወሰዱኝ ሺጂያንግ የሚባለው የሚያዎዎች (ሌላ ብሔረሰብ ናቸው) መንደር ነው። ከአንድ ሺህ በላይ አባወራ ያለበት፣ ከሚያዎ መንደሮች ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። ከሩቅ ሲታይ አፍ ያስከፍታል፣ ተራራው በሙሉ በእንጨት ቤት ተሸፍኗል። ስትገባ ግን ብር ጌጥ ሱቅ፣ ከበሮ ሱቅ፣ ቡና ቤት፣ እንደገና ብር ጌጥ ሱቅ። በር ላይ የባህል ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች በቀንድ ዋንጫ መጠጥ ያጠጡሃል፣ ካሜራው ከኋላ ተደግኗል። ማታ ሁሉም ቤት በአምፖል ይበራል። ሥዕል ለመግዛት እንጂ ገጠር ለማየት አይሆንም። የመርካቶ ልጅ የሚፈራው ልክ ይሄንን ነው።


ጡረተኛው

ልጆች፣ በዚህ ነገር ጥቂት ልጨምር። ዕድሜዬን በግብርና ሥራ ነው የጨረስኩት። ለሥልጠና ቻይና ተልኬ ደቡብ ጉይጁን አይቻለሁ።

ሺጂያንግን አትናቁት። እዚያ ከመግቢያ ትኬቱ ገቢ የተወሰነው ድርሻ የእንጨት ቤታቸውን ሳያፈርሱ ለያዙ አባወራዎች ይከፈላል። ገበሬው የእንጨት ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ቢሠራ ለራሱ ይመቸው ነበር። ብርድ አያስገባም፣ በአንድ ክብሪት መንደር ሙሉ አያቃጥልም። እናንተ ፎቶ እንድታነሱ ሲባል ብቻ በሚያፈስ ቤት ይኑር ማለት ደግ አይደለም። ይከፈለው።

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። የመርካቶው ልጅ፣ ጾንግጂያንግ ከሄድክ ሩዙን ብቻ አይተህ አትለፍ፣ ውኃው ውስጥ ተመልከት። ዶንጎች በአንድ ማሳ ላይ ሩዝ፣ ዓሣና ዳክዬ አንድ ላይ ያረባሉ። መጀመሪያ ሩዙ ይተከላል። ቀጥሎ የዓሣ ጫጩት ይለቀቃል። ዓሣው ጎልመስ ብሎ ማምለጥ ሲችል ዳክዬው ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ዳክዬው ዓሣውን ይጨርሰዋል። ዓሣና ዳክዬ አረሙንና ተባዩን ይበላሉ፣ ኩሳቸው ማዳበሪያ ይሆናል፣ ሲንቀሳቀሱ አፈሩን ያላላሉ። ከአንዲት ጠባብ እርከን እህልም ሥጋም ይወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2011 በዓለም አቀፍ ደረጃ ጠቃሚ የግብርና ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የኛ የኮንሶ እርከን በዩኔስኮ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነበር። ኮንሶን ያየ ሰው እነዚያን የሩዝ እርከኖች ሲያይ ድካሙ ወዲያው ይገባዋል።

አንተ በምትሄድበት ወቅት አጨዳ ነው። ውኃው ይለቀቅና ዓሣውን በእጅ ይለቅሙታል። ማሳው ዳር እሳት አንድደው እዚያው ይጠብሱታል። የሚያጣብቀውን ሩዝ ደግሞ ዛላውን እየቆረጡ በነዶ ያስሩና ከፍ ያለ የእንጨት ማስጫ ላይ ይሰቅሉታል። መንደሩ ዙሪያውን ወርቅማ ሆኖ ይታያል።

አንድ ነገር ግን አስቡ። መንደሩ ውስጥ የምታገኙት ሽማግሌና ሕፃን ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ ጓንግዶንግ፣ ጓንጁ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ ፋብሪካ ገብቷል። የመርካቶው ልጅ፣ አንተ የምትገዛውን ዕቃ የሚሰፋውና የሚያሽገው የዚያው መንደር ልጅ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካውና መንደሩ ሁለት ቻይና አይደሉም፤ አንዱ ቤተሰብ በባቡር መስመር ጫፍና ጫፍ ተከፍሎ ነው።


የመርካቶ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ የመጨረሻው ነገር ገረፍ አደረገኝ። እውነትም ዕቃዬን የምትከታተልልኝ የፋብሪካው ልጅ «እኔ ጉይጁ ነኝ» ብላኝ ታውቃለች። ቦታ መሆኑንም አላስተዋልኩም ነበር። እጠይቃታለሁ።

እስከዚያው ስለ ምግቡ ንገሩኝ። ጥቁር ሆነህ ገጠር ስትገባስ ምን ይሉሃል? ጓንጁ ለምደውናል፣ እዚያስ?


የደሴ ልጅ

ስለ ምግቡ እኔ ልመልስልህ፣ ሙስሊም ስለሆንኩ ጠንቅቄ አጥንቼዋለሁ። ከተማ ላይ አረንጓዴ የሐላል ምልክት ያለበት የላንጁ ፓስታ ቤት ታገኛለህ፣ እሱ ከየትም አያሳጣህም። ዶንግ መንደር ውስጥ ግን አትጠብቅ። ችግሩ ሥጋው አይደለም፣ ሥጋውን ታየዋለህ። ችግሩ የአሳማ ጮማ ነው። ጎመኑንም ድንቹንም በሱ ያቁላሉታል። ስለዚህ «ዎ ቺ ሱ» ብለህ አትክልት ብቻ እንደምትበላ ስትናገር «ቡ ያዎ ጁ ዮው» የሚለውን ጨምርበት፣ የአሳማ ዘይት አልፈልግም ማለት ነው። በቻይንኛ አጽፈህ ስልክህ ላይ ያዘው። ከቻልክ ወጥ ቤት ግባና የዘይቱን ጠርሙስ ራስህ አሳያቸው። አይቆጡም፣ ማድቤት መግባት እዚያ ነውር የለውም።

ዓሣ የምትበላ ከሆነ ግን ታድለሃል። ኮምጣጣ ሾርባ ውስጥ የተቀቀለ ዓሣ አለ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ያለበት፣ አፍ ያረጥባል። በሩዝና በበርበሬ ተጨምቆ በእንስራ ለወራት የሚቀመጥ ዓሣም አለ። ሳይበስል ነው የሚበሉት። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም። ጠዋት ላይ «ዘይት ሻይ» የሚሉትን ያቀርቡልሃል፤ ሻይ ቅጠሉ ይቆላል፣ የፈነዳ ሩዝና ኦቾሎኒ ይገባበታል፣ በማንኪያ ይበላል። ዘይቱን ጠይቅ።

«ኒውብየ» የሚባል ነገር ካቀረቡልህ ምን እንደሆነ ልንገርህ፦ ከከብት ጨጓራ ውስጥ ገና ያልተፈጨው ሣር ተጨምቆ የሚሠራ መረቅ ነው። ለክቡር እንግዳ ነው የሚቀርበው። መራራ ነው። የጥሬ ሥጋ ወዳጅ የሆነ አንድ የሀገሬ ሰው ሁለት ሳህን ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ 😄


ባለ ጎፈሬ

ስለ መልክ፦ ያፈጡብሃል። ጥላቻ አይደለም፣ አይተው ስለማያውቁ ነው። ሕፃናት ጸጉርህን ሊነኩ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ አይቶህ ያለቅሳል። አያቶች ክንድህን ዳሰስ አድርገው ይስቃሉ። ወጣት ካለ ስልክ አውጥቶ ይደግንብሃል። ካልፈለግክ በፈገግታ እጅህን አወዛውዝ፣ ያቆማሉ። አንዳንድ ቀን ደስ ይላል፣ አንዳንድ ቀን ይሰለቻል፣ ያ የሰው ልጅ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ወገን ነው። የኛ ሰው እዚያ ይሄድና የሚተኛ ሽማግሌ፣ ልጇን የምታጠባ እናት ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ይጭናል። እኛን ሲቀርጹን እንቆጣለን አይደል? መጀመሪያ ስልኩን አሳያቸው፣ በጭንቅላታቸው እሺ ካሉህ አንሳ። ለመታሰቢያ ቦታዎች ደግሞ ተጠንቀቅ። ዶንጎች «ሳ» የሚሏት ታላቅ እናት አለቻቸው። ለሷ የተሠራ ትንሽ መቅደስ በየመንደሩ ታያለህ። ተዘግቶ ከሆነ አትክፈተው።


ሺያመን

ሁሉም ጉይጁን ብቻ ሲያወራ የፉጂያን ክፍለ ሀገር ተረሳ እንዴ? ቱሎውን እዩ። ሃካ የሚባሉት የቻይና ሕዝቦች የሠሩት ትልልቅ ክብ የአፈር ሕንፃ ነው፣ ውስጡ ጎሳው በሙሉ ይኖራል። 46ቱ በ2008 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ውፍረት አለው፤ አፈር፣ አሸዋና ኖራ ተደባልቆ እየተደቀደቀ ነው የቆመው። ምድር ቤቱ ማድቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ የእህል ጎተራ፣ ከዚያ በላይ መኝታ ነው። አንድ ቤተሰብ ከታች እስከ ላይ አንድ ቁልቁል ክፋይ ይይዛል፤ ስለዚህ ሀብታምና ድሃ እኩል ክፍል ነው የሚደርሰው። ቼንግቺሎው የሚባለው በ1709 የተጠናቀቀ ነው፣ አራት ቀለበት አለው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ።

ጓንጁ ላይ ላለ ሰው ግን ጾንግጂያንግ እንደሚቀል አልክድም። ቱሎው ለሌላ ዙር ይሁን።


ሲልቨር ስፕሪንግ

የዉሃን ተማሪ፣ ታንግአንን ካርታ ላይ አየሁት። እሺ፣ ተሸንፌያለሁ 😅 እንደገና ብሄድ ወደዚያ ነው።

ለአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ አንድ መረጃ፦ ወደ ሦስተኛ አገር የምታልፉ ከሆነ ያለ ቪዛ 240 ሰዓት መቆየት ይቻላል። ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ ጉይጁም ከሚፈቀዱት ክፍለ ሀገራት ገብቷል። ከአዲስ አበባ ጓንጁ ገብታችሁ በሆንግ ኮንግ ብትወጡ ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ ግን አይሆንም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ቪዛ የግድ ነው።


የመርካቶ ልጅ

ወሬ አለኝ! ልጅቷን ጠየቅኳት። አገሯ ከጾንግጂያንግ ከተማ በመኪና የሚደረስ መንደር ነው፣ ዶንግ ናት። እናቷና አያቷ እዚያ ናቸው፣ የልጇ አሳዳጊም አያቷ ናት። ልጇን የምታየው ለቻይና አዲስ ዓመት ስትሄድ ነው። ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ «እዚያ ምን አለ? ምንም የለም እኮ» አለችኝ። ከዚያ እናቷ ጋ ደውላ «ይምጣ፣ ይደር» ተብያለሁ። ቀኑን ራሷ መረጠችልኝ፣ አጨዳው ሳያልቅ ብላ። እሷ ግን ፈቃድ አላገኘችም፣ የኔን ዕቃ እያሸገች ነው።

አሁን ፈራሁ። ምን ይዤ ልሂድ? ሰው ቤት ማደርስ ይፈቀዳል?


የዉሃን ተማሪ

ዕድለኛ ነህ፣ እኛ ሁላችን ያልነውን እርሳው።

ማደር ይፈቀዳል፣ ግን ሕጉን እወቅ። ሆቴል ስታድር ምዝገባውን ሆቴሉ ይጨርስልሃል። ሰው ቤት ካደርክ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላ አንተና የቤቱ ባለቤት የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ፓስፖርትህን ያዝ፣ ክፍያ የለውም። ይሄን ንቀህ ብትተወው ጣጣው ለአያትየዋም ይተርፋል። የገጠር ፖሊስ የውጭ ሰው መዝግቦ ላያውቅ ይችላል፣ ሻይ ጠጥተህ መጠበቅ ነው። ልጅቷን አስቀድማ እንድትደውልላቸው ንገራት። የንግድ ቪዛህ ወደ ጉይጁ ከመሄድ አያግድህም።

ቀኑን በተመለከተ፣ የፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 መስከረም 21 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሳምንት የቻይና ብሔራዊ በዓል ነው። ሀገሩ በሙሉ ይጓዛል። የባቡር ትኬት ሕልም ይሆናል፣ ጃዎሺንግ ውስጥ እግር ማሳረፊያ አይገኝም። ወይ መስቀል ሳይደርስ ሂድ፣ ወይ በዓሉ ሲያልፍ።


ጡረተኛው

ስጦታውን እኔ ልንገርህ። ባዶ እጅህን አትግባ። ለአያትየዋ ካርቶን ወተትና ፍራፍሬ፣ ከጾንግጂያንግ ከተማ ግዛ፣ ከጓንጁ አትሸከም። ለሕፃኑ በቀይ ፖስታ ትንሽ ገንዘብ። የሀገራችንን ቡና ጥቂት ብትይዝ ጥሩ ነው፣ ቆልተህ ፈጭተህ። መራራ ነው ብለው ሊተዉት ይችላሉ፣ አይክፋህ። ገንዘብ ለማረፊያ በእጅ አትስጣት፣ ትቆጣለች። ልጅቷን ጠይቅና በሷ በኩል ይድረስ።

ደግሞ ልጅቷን፣ ለልጅሽ የምትልኪው ነገር ካለ አምጪልኝ በላት። እዚያ መሄድህ ስለማይቀር።


የመርካቶ ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ ሳይሉኝ እሷ ቀድማኛለች። ለልጇ ጫማና ቦርሳ ገዝታ ሰጥታኛለች፣ ስትመለስ ደግሞ የአያቴን ኮምጣጣ ዓሣ አምጣልኝ ብላለች። የደሴ ልጅ የነገረችኝ ያው ዓሣ መሆን አለበት። ባቡር ውስጥ ቢፈስብኝስ?


የደሴ ልጅ

😂😂 በፕላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልለው፣ እግርህ ሥር አድርገው እንጂ ከላይ መደርደሪያው ላይ አትስቀለው። ከጎንህ የሚቀመጠውን ሰው አስቀድመህ ይቅርታ ጠይቀው።


የመርካቶ ልጅ

እሺ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ትኬቱን ስልክ ላይ ስቆርጥ ስሜን አልቀበል አለኝ።


የዉሃን ተማሪ

ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ጻፈው። የኛ ፓስፖርት ያንተንና የአባትህን ስም አንድ ላይ፣ የአያትህን ለብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ሦስቱንም በዚያው ቅደም ተከተል አስገባ። ትኬት የሚለቀቀው 15 ቀን ሲቀረው ነው። ጣቢያ ስትገባ አውቶማቲክ በሩ ፓስፖርትህን ላያነብልህ ይችላል፣ ጥግ ላይ ሠራተኛ የቆመበትን መስመር ያዝ።